ለጠረፍ የሸራ ጀልባ ጉዞ የትኛው ባይናኩላር ይሻላል?

ባይናኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው የእጅ መነጽር) ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ብሎ ነው። መሬት ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ጥያቄው ያስኬዳል። የሸራ ጀልባ ላይ ግን ያሳስታል። ጀልባ አንድ ቦታ ረግቶ አይቆምም። ማዕበሉ ያነሳዋል፣ ነፋሱ ያጋድለዋል። እናንተም ብዙ ጊዜ በአንድ እጃችሁ የሆነ ነገር ጨብጣችሁ በሌላው ነው የምታዩት። ስለዚህ ባህር ላይ የሚቀድመው «ምስሉ ይረጋልኛል ወይ?» የሚለው ነው። ቀጥሎ ብርሃን ይመጣል፤ ባይናኩላር ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ሲመሽ፣ ጎህ ሲቀድና ጉም ሲወርድ ነውና። ስንት እጥፍ የሚለው ሦስተኛ ነው።

ደግሞ ከጠረፍ ሳይርቁ ሲጓዙ የሚፈለገው ነገር ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ዓይናችሁ ከውሃው 2 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ አድማሱ ያለው 3 ኖቲካል ማይል (5.5 ኪሎ ሜትር) ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚታየው ተራራ፣ ማማ ወይም የትልቅ መርከብ የላይኛው ክፍል ብቻ ነው። ቡይ (ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ምልክት) ከአድማስ በታች ከሆነ 7 እጥፍም 15 እጥፍም አያወጣውም።

በተግባር ምን እንደምንፈልግ አንድ ነገር ላሳያችሁ። አደገኛ ቦታን በየት በኩል ማለፍ እንዳለባችሁ የሚነግሩ ጥቁርና ቢጫ ቡዮች አሉ። አናታቸው ላይ ሁለት ጥቁር ሾጣጣዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆማሉ። የሁለቱም ጫፍ ወደ ላይ ከሆነ በሰሜን በኩል እለፉ ማለት ነው። ወደ ታች ከሆነ በደቡብ። የላይኛው ወደ ላይ፣ የታችኛው ወደ ታች ከሆነ በምሥራቅ። ጫፍና ጫፋቸው ከተገናኘ ደግሞ በምዕራብ። ምሥራቅና ምዕራብን ማምታታት በቀጥታ ወደ ድንጋዩ ይወስዳል። ምስሉ እየዘለለ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም አንድ ጥቁር ነጠብጣብ መስለው ነው የሚታዩት። በእኔ እምነት የባህር ባይናኩላር የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው፤ እነዚያን ሁለት ሾጣጣዎች ቶሎ ለይቶ ካሳየ ሥራውን ሠርቷል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

እያንዳንዱ ባይናኩላር ላይ 7×50 ወይም 8×42 የሚል ነገር ተጽፏል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይነግራል። ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉት ወደ ዓይናችሁ የሚወጣውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛላችሁ። ለ7×50 ወደ 7.1 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ለ8×42 5.25፣ ለ10×50 5፣ ለ10×42 4.2 ነው። ኪስ ውስጥ ለሚገባው 10×25 2.5 ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር ለምን ያስፈልጋል? የዓይናችን ብሌን በቀን ብርሃን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይጠባል። በጨለማ የወጣት ሰው ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ይቀንሳል፤ ብዙ አዛውንቶች ከ5 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፉም። ከዚህ ተነስተው «50 ዓመት ያለፈው ሰው 7×50 ቢገዛ ብርሃኑ ይባክናል» የሚሉ አሉ። ስለ ብርሃን ብቻ ካወራን ልክ ናቸው።

ጀልባ ላይ ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ጀልባው ሲናጥ ባይናኩላሩ ከዓይናችሁ ፊት ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። የብርሃኑ ክብ ጠባብ ከሆነ ብሌናችሁ ከክቡ ይወጣና ምስሉ ድርግም ይላል። ክቡ ሰፊ ከሆነ ዓይናችሁ ወዲያ ወዲህ ቢልም ከውስጡ አይወጣም፣ ምስሉም አይጠፋም። ስለዚህ 7×50 በጠራራ ፀሐይም፣ ዕድሜው ለገፋ ሰውም ይጠቅማል።

በዚያ ላይ የዕይታ ስፋት አለ። ጥሩ 7×50 ከ7 እስከ 7.5 ዲግሪ ያሳያል። 1000 ሜትር ላይ ይህ ከ122 እስከ 131 ሜትር ስፋት ማለት ነው። 10 እጥፍ የሚያቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 6.5 ዲግሪ ላይ ናቸው። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በዓይናችሁ ያያችሁትን ቡይ መነጽሩን አንስታችሁ መልሳችሁ ስትፈልጉት ግን ልዩነቱ ይሰማችኋል።

አማራጮቹን እናወዳድር

7×50 የባህሩ መደበኛ ምርጫ ነው፣ መሆንም ይገባዋል። ችግሩ ክብደቱና ግዝፈቱ ነው። አብዛኞቹ 1 ኪሎ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ክብደቱ እጅ ሲንቀጠቀጥ በመጠኑ ያረጋጋል፤ ረጅም ሰዓት አንገት ላይ ሲንጠለጠል ግን ይከብዳል። አንድ ባይናኩላር ብቻ የሚኖራችሁ ከሆነና በምሽትም የምትጓዙ ከሆነ ብዙ አታስቡ፣ ይህንን ውሰዱ።

8×42 ደግሞ ለወፍ ተመልካቾች የተለመደው መጠን ነው። ብዙዎቹ ከ650 እስከ 800 ግራም ይመዝናሉ። በቀን ብቻ ለሚጓዝ፣ ጀልባውም መሬትም ላይ በአንድ መነጽር መጠቀም ለሚፈልግ ሰው በጣም ጥሩ ነው። 8 እጥፍ አብዛኛው ሰው ጀልባ ላይ ሊያረጋጋው የሚችለው የመጨረሻው ወሰን ነው ብዬ አምናለሁ። 7×35 እና 7×42ም ከዚህ ጎራ ናቸው፤ 7×42 ስታገኙ አትለፉት፣ የብርሃኑ ክብ 6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ክብደቱ ከ7×50 ይቀልላል።

10×50 እና 10×42 ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ለትናንሽ ጀልባዎች አልመክራቸውም። 10 እጥፍ ሲያቀርብ የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ 10 እጥፍ ያጎላል። ጀልባችሁን ወደብ ውስጥ አስራችሁ ስታዩበት ደስ ይላል። ወጥታችሁ ማዕበል ሲመታችሁ ግን የቡዩን ቁጥር ማንበብ አቃተኝ ማለት ትጀምራላችሁ። ረግቶ የሚሄድ ከባድ ጀልባ ያለው፣ ክንዱን የሚያስደግፍበት ቦታ ያለው ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

ዙም ያላቸውን (ከ8 እስከ 24 እጥፍ የሚሉትን) እለፏቸው። ከፍ ሲያደርጉት በቀጭን ቧንቧ እንደ ማየት ነው፤ ይጨልማል፣ ይጠባል። ትናንሾቹ 8×25 እና 10×25 ለመጠባበቂያ ካልሆነ ለምሽት አይበቁም።

ቀጥሎ መንቀጥቀጥን በራሳቸው የሚያረጋጉት ይመጣሉ። እነዚህ በባትሪ የሚሠሩ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ሴንሰር እንቅስቃሴውን ይለካና የመስታወቱን ክፍል በተቃራኒው ያንቀሳቅሳል። ቁልፉን ስትጫኑ ሲዘል የነበረው ምስል ቀጥ ይላል። የመርከብ ስም፣ የቡይ ቁጥር ማንበብ ላይ ምንም ተራ ባይናኩላር አይደርስባቸውም። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። እንደ ካኖን ያሉት ብዙዎቹ የሚያስተካክሉት ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የተሠሩት በዋናነት ለእጅ መንቀጥቀጥ ነው። የፉጂኖን ቴክኖ ስታቢ 14×40 እስከ 5 ዲግሪ ድረስ ስለሚያስተካክል የጀልባውን መናጥ ጭምር ይችላል። ውሃ የመቋቋም ጉዳይም አለ፤ የካኖን 10×42 ውሃ አያስገባም፣ 10×30ው ግን ለርጭት እንኳ የተሠራ አይደለም። የብርሃን ክባቸውንም አትርሱ። 14×40 ማለት 2.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ምሽት ላይ ይደበዝዛል። ስለዚህ ለእኔ የሚያረጋጋው ባይናኩላር ሁለተኛ መነጽር ነው። አቅሙ ያለው ሰው 7×50ውን ሳያስወግድ ይጨምረው።

ኮምፓስ ያለው ወይስ የሌለው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ገንዘቡን የሚያወጣው ተጨማሪ ነገር ይህ ነው። ብዙ የባህር 7×50ዎች በውስጣቸው ኮምፓስ አላቸው። ስታዩ ከምስሉ ሥር ወይም ከላዩ ዲግሪው ይነበባል። የምታዩትን ነገር ለይታችሁ በዚያው ቅጽበት አቅጣጫውን ታነባላችሁ።

ዋናው ጥቅሙ ግጭትን ማስቀረት ነው። ከሩቅ አንድ መርከብ አያችሁ እንበል። ኮምፓሱ 062 ይላል። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ስታዩት አሁንም 062 ከሆነና መርከቡ እየቀረበ ከሆነ፣ ሁለታችሁም ወደ አንድ ነጥብ እየሄዳችሁ ነው። የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ፣ ደንብ 7 ላይ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ የሚቀርበው መርከብ የኮምፓስ አቅጣጫው ይህ ነው የሚባል ለውጥ ካላሳየ የግጭት ስጋት እንዳለ ይቆጠራል። ደንቡ አንድ ማስጠንቀቂያም ይጨምራል፦ መርከቡ በጣም ትልቅ ከሆነ፣ ሌላ ነገር እየጎተተ ከሆነ፣ ወይም በጣም ከቀረባችሁ፣ አቅጣጫው ቢለወጥም ስጋቱ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ዲግሪ ተለወጠ ብላችሁ አትዘናጉ።

ሁለተኛው ጥቅም ቦታን ማወቅ ነው። ሦስት የሚታወቁ ነገሮችን (የመብራት ማማ፣ የባህር ውስጥ ምሰሶ፣ የተራራ ጫፍ) አቅጣጫ አንብባችሁ ካርታው ላይ ብታሰምሩ መስመሮቹ የሚገናኙበት አካባቢ ናችሁ። ጂፒኤስ ያለው ሰው ይህን ዕለት ዕለት አያደርገውም። ጂፒኤሱ የጠፋ ቀን ግን ያለዚህ መንገድ የለውም።

ስትገዙ የምታጣሩት፦ የፈሳሽ ኮምፓስ ያለ ባትሪ ይሠራል፣ ባትሪው ለመብራቱ ብቻ ነው፤ ዲጂታሉ ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ኮምፓሱ ለሰሜናዊው ወይስ ለደቡባዊው የምድር ክፍል እንደተስተካከለ ጠይቁ፤ ከቦታው ውጭ ሲሆን ዲግሪው የተጻፈበት ካርድ ያዘነብልና ይያዛል። የጀልባችሁ አካል ብረት ከሆነ ደግሞ ይህ ኮምፓስ ያሳስታችኋል። የመሪውን ኮምፓስ ስህተት ለክቶ በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በእጅ የሚያዘውን ግን በቆማችሁበት ቦታ ሁሉ ስህተቱ ስለሚለያይ አይቻልም። ፋይበር ግላስ ጀልባ ላይም ምሰሶውን ከሚይዙት የብረት ሽቦዎች ራቅ ብላችሁ አንብቡ። የብረት ፍሬም ያለው የዓይን መነጽር እንኳ መርፌውን ሊስብ ይችላል።

ከኮምፓሱ ጋር ብዙ ጊዜ የመለኪያ መስመሮች አብረው ይመጣሉ። መለኪያው ሚል ይባላል። 1 ሚል 1000 ሜትር ላይ 1 ሜትር ነው። የነገሩን ቁመት በ1000 አባዝታችሁ በመስመሩ ላይ ላነበባችሁት ሚል ስታካፍሉ ርቀቱ ይወጣል። ቁመቱ 30 ሜትር የሆነ መብራት 10 ሚል ከያዘ 3000 ሜትር ላይ ነው። ካርታ ላይ የሚጻፈው ከፍታ የሚለካው ከከፍተኛ የባህር ሙላት ደረጃ እስከ መብራቱ እንጂ ከማማው እግር እስከ ጣሪያው አይደለም። ማማው ገደል ላይ ከቆመ የገደሉ ከፍታም ውስጡ አለ። መስመሩን በምታነቡበት ሰዓት ይህን ካልያዛችሁ መልሱ ይበላሻል። በተረፈ ማዕበል ላይ 10ንና 12ን መለየት ከባድ ነው፤ በ12 ካነበባችሁ ያው ርቀት 2500 ሆኖ ይወጣል። እኔ ለግምት እንጂ ከዚህ በላይ አላምነውም። ኮምፓሱ ግን ጥሩ ጀልባ ላይ ባይኖር ይቆጨኛል።

ፎከሱ

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው መሃል ላይ አንድ ጎማ አለው፣ ባያችሁ ቁጥር ታዞሩታላችሁ። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ የሚስተካከል ነው። አንድ ጊዜ ታስተካክሉታላችሁ፣ ከ20 ወይም 30 ሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ደግሞ መንካት የለም። ለጀልባ የምመርጠው ይህን ነው። የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ስለሚያንስ ውሃን ማገዱም ይቀላል። ችግሩ ሰው ሲቀያየርበት ነው። ማስተካከያው ላይ ቁጥሮች ስላሉ እያንዳንዱ ሰው የግራና የቀኝ ቁጥሩን ይያዝ፤ በሌሊት ተራ ሲቀያየሩ ጣጣ የለውም።

ጭራሽ ማስተካከያ የሌላቸው «ፎከስ ፍሪ» የሚባሉም አሉ። ሁለቱ ዓይኖቹ እኩል ላልሆኑ ሰው አይሆኑም።

መስታወቱና ቅቡ

ባይናኩላር ውስጥ የተገለበጠውን ምስል የሚያቃና ፕሪዝም የሚባል መስታወት አለ፤ ዓይነቱም ሁለት ነው። ፖሮ ፕሪዝም ያላቸው ትከሻቸው ሰፊ ነው። ስሙን ያገኙት በ1854 ዲዛይኑን ካስመዘገበው ጣሊያናዊው ኢኛዚዮ ፖሮ ነው። ሩፍ ፕሪዝም ያላቸው ቀጥ ያሉና ቀጭን ናቸው። ሩፉ ምስሉ እንዲጠራ ተጨማሪ ልዩ ቅብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በአነስተኛ ገንዘብ ስትገዙ ፖሮው አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ምስል ይሰጣል። ለጀልባ ግዝፈቱ ብዙም አያስጨንቅምና ከፖሮው አትሽሹ።

መስታወት ሁሉ ቅብ ከሌለው በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ከ4 እስከ 5 በመቶ ብርሃን ይመልሳል። አንድ ባይናኩላር ውስጥ ብዙ ገጽ አለ፣ ስለዚህ ኪሳራው ይደማመራል። ካርቶኑ ላይ «ፉሊ መልቲኮትድ» የሚለውን ፈልጉ። «ኮትድ» ብቻ ካለ አንዳንዱ ገጽ ብቻ ነው የተቀባው።

የፊት ሌንሳቸው እንደ ሩቢ ቀይ የሚያንጸባርቁትን አትግዙ። ያማሩ ይመስላሉ። ግን ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልሱት ወደ ዓይናችሁ የሚገባው ምስል ወደ አረንጓዴ ያደላል። ባህር ላይ ደግሞ ቀይና አረንጓዴ ቡዮች የመተላለፊያውን ሁለት ጠርዝ የሚያሳዩ ናቸውና ቀለማቸውን ማምታታት ከመንገድ ያወጣል።

ውሃ

ለጀልባ የሚሆነው በውስጡ ናይትሮጅን ወይም አርጎን የተሞላ ነው። ጋዙ ደረቅ ስለሆነ ከሙቅ ካቢን ወደ ቀዝቃዛ አየር ሲወጣ ከውስጥ ጉም አይለብስም። «ውሃ የማያስገባ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ደረጃውን እዩ። አይፒኤክስ 7 ማለት 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ 30 ደቂቃ ቆይቶ ውሃ አያስገባም ማለት ነው። «ርጭት ይቋቋማል» የሚለው ከዚህ በጣም ያንሳል። አብዛኛው 7×50 ሲወድቅ ይሰምጣል፤ የሚያንሳፍፍ ማንጠልጠያ ግዙለት፣ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ይሁን።

የዓይን መነጽር ለምታደርጉ

ዓይን ከኋላው ሌንስ ምን ያህል ርቆ ሙሉውን ምስል እንደሚያይ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። ከ15 በታች ከሆነ መነጽራችሁን ማውለቅ ግድ ይሆናል። 18 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይመቻል። ጥሩ 7×50ዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ አይታሙም። የጎማውን ክብ አጥፋችሁ እዩበት፤ የምስሉ ጠርዝ ዙሪያውን ሙሉ ክብ ሆኖ ካልታየ ለእናንተ አይሆንም።

ሱቅ ውስጥ

ሱቁ ውስጥ በአምፖል ብርሃን አትወስኑ፣ ውጭ ይዛችሁት ውጡ። አንድ እግራችሁን አንሱና በአንድ እግር ቆማችሁ ራቅ ያለ ጽሑፍ ለማንበብ ሞክሩ። 7 እጥፉንና 10 እጥፉን አፈራርቁ። በአንድ እጅም ሞክሩት። ከማንኛውም የሻጭ ገለጻ በላይ ይህ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ ባይናኩላሩን 30 ሳንቲ ሜትር ከዓይናችሁ አርቁና ወደ ብርሃን አዙሩት። ኋላው ሌንስ ላይ የምታዩት የብርሃን ክብ ድፍን ክብ ከሆነ ፕሪዝሙ ጥሩ መስታወት (ባክ 4) ነው። ጠርዙ በግራጫ ጥላ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለ ርካሹ ነው። ከዚያ የጣሪያ ጠርዝን የመሰለ አግዳሚ መስመር እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ከዓይናችሁ አርቁት። መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ሁለቱ ጎኖች አልተጣጣሙም። ዓይናችሁ ለጊዜው ያስተካክለዋል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ራስ ምታት ይለቅባችኋል። ያገለገለ ከሆነ የእጅ ባትሪ ከፊት አብሩበትና ከኋላ እዩ፤ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት።

ከገዛችሁ በኋላ ኮምፓስ ያለውን ባይናኩላር ከመሪው ኮምፓስ አጠገብ አታስቀምጡት። ማግኔቱ ዋናውን ኮምፓስ ከመንገዱ ያወጣዋል። ለመርከበኛው እጅ ቅርብ የሆነ፣ ግን ከኮምፓሱ በደንብ የሚርቅ ቦታ ፈልጉለት። ፊቱም ኋላውም ወደ ፀሐይ አይዙር። የጨው ውሃ ሲነካው ደግሞ ወዲያው በጨርቅ አትጥረጉት፤ የደረቀው ጨው እንደ አሸዋ ነው፣ ቅቡን ይልጠዋል። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት፣ ጨው እስኪለቅ እጠቡት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ሳትጫኑ አድርቁት።